የድሮ የመንገደኛ ባቡር ፎቶ የትና መቼ እንደተነሣ እንዴት ይለያል? ዝርዝር መመሪያ

አንድ የድሮ የባቡር ፎቶ እጃችን ሲገባ ዓይናችን መጀመሪያ የሚያርፈው ሎኮሞቲቩ ላይ ነው፤ ጭሱ፣ ትልልቅ ጎማዎቹ፣ ቁጥሩ። ብዙ ሰው ቁጥሩን ብቻ ይዞ ፍለጋ ይጀምርና ሎኮሞቲቩ የሠራበትን መስመር ሁሉ ሲያስስ ይውላል። ሎኮሞቲቭ ግን ለቦታ የሚታመን ምስክር አይደለም። ሥራው መጓዝ ነው፤ ጠዋት የታየበትና ማታ ያደረበት ከተማ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ሊራራቁ ይችላሉ። የጣቢያው ግንብ፣ የድልድዩ ቅስት፣ ከጀርባ ያለው የተራራ ጫፍ ግን ካሉበት አይነቃነቁም። ስለዚህ ዘመኑን ከባቡሩ፣ ቦታውን ከመሬቱና ከግንባታው መፈለግ፣ ሁለቱንም ደግሞ በወረቀቱ መቆጣጠር ይበጃል።

ሌላም መያዝ ያለበት ነገር አለ። ፎቶ ውስጥ ያለ ፍንጭ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ቀን ሳይሆን ወሰን ነው፦ «ከዚህ ዓመት በፊት ሊሆን አይችልም» ወይም «ከዚህ ዓመት በኋላ ሊሆን አይችልም»። ሥራው ሁለቱ ወሰኖች እስኪቀራረቡ ድረስ ፍንጭ በፍንጭ ላይ መደረብ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

1. ከሁሉ በፊት ጥሩ ቅጂ

ፎቶውን ደጋግሞ እያነሡ ማየት ወረቀቱን ይጎዳል፤ ዓይንም ስካነር የሚያየውን ያህል አያይም። የወረቀት ፎቶን ቢያንስ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚቃኙ ነጥቦች ብዛት)፣ ፖስትካርድንና ከዚያ ያነሰውን በ1200፣ የ35 ሚሊ ሜትር ነጋቲቭ ወይም ስላይድን በ3200 እና ከዚያ በላይ ይቃኙ። 9 በ14 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፖስትካርድ በ1200 ዲፒአይ ሲቃኝ 6,600 በ4,250 ፒክስል ገደማ ይወጣዋል። ይህ ፉርጎው ጎን ላይ የተጻፈ ደቃቅ ቁጥር ለማንበብ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ፋይሉን በቲፍ ያስቀምጡ፤ ጄፔግ ሲጨመቅ መጀመሪያ የሚያበላሸው ትንንሾቹን ፊደላት ነው። ጥቁርና ነጭ ቢሆንም በቀለም ይቃኙት። የወረቀቱ ብጫታና በእርሳስ የተጻፈ ደብዛዛ ጽሑፍ የሚለየው እንደዚያ ነው። ጀርባውንና ነጭ ጠርዙን ቆርጦ መጣል ትልቅ ስሕተት ነው፤ ግማሹ ማስረጃ እዚያ ላይ ነው።

በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ላዩን ሲያዩት ምስሉ በሥርዓት ከተደረደሩ ነጠብጣቦች የተሠራ ከሆነ በእጅዎ ያለው ፎቶ ሳይሆን የማተሚያ ቤት ኅትመት ነው። እንደዚህ ያለውን ከፍ ባለ ዲፒአይ መቃኘት ነጠብጣቦቹን ከማግዘፍ ሌላ ምንም አይጨምርም። ያለው አማራጭ ዋናውን ፎቶ መፈለግ ነው።

ነጋቲቭ ከሆነ ጠርዙን ያንብቡ። «ናይትሬት» የሚል ጽሑፍ ካለበት፣ ወይም ፊልሙ ቡናማ ሆኖ መጣበቅ ከጀመረ፣ በቀላሉ የሚቀጣጠል ስለሆነ ከሙቀትና ከሌሎች ፊልሞች ይራቅ፤ ሙቀት ባለው ስካነር ላይም አይቀመጥ። ኮዳክ ይህን ዓይነት ፊልም መሥራት ያቆመው በ1951 ነው፤ ስለዚህ ቃሉ ራሱ ለዘመኑ ጣሪያ ይሰጣል። የኮምጣጤ ሽታ ያለው ፊልም አሲቴት ነው፤ እንደ ናይትሬት በቀላሉ አይቀጣጠልም፣ ግን እየተሸበሸበ ስለሆነ ቶሎ ይቃኝ።

2. ወረቀቱ ምን ይላል

ቀጭን ወረቀት ላይ ታትሞ ወፍራም ካርቶን ላይ የተለጠፈ፣ ብርሃናማው ክፍል ወደ ቢጫ የሄደ ፎቶ በአብዛኛው የእንቁላል ነጭ ውሕድ የተቀባ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ኅትመት ነው። ጥቁሩ ቦታ ላይ፣ በተለይ ጠርዝ አካባቢ፣ ወረቀቱን ዘንበል ሲያደርጉት እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ የብር ሽፋን ካለ ከ1880ዎቹ ወዲህ የተስፋፋው የጄላቲን ወረቀት ነው።

የድሮ የባቡር ምስል በብዛት የሚገኘው በፖስትካርድ ስለሆነ የፖስትካርድ ጀርባን ማንበብ መልመድ ያስፈልጋል። ጀርባው በመሐል መስመር ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ለመልእክት፣ ግማሹ ለአድራሻ የሆነው በብሪታንያ ከ1902፣ በጀርመን ከ1905፣ በአሜሪካ ከማርች 1907 ጀምሮ ነው። ያልተከፈለ ጀርባ ያለው ካርድ ከዚያ ይቀድማል። የአሜሪካ የፎቶ ፖስትካርዶች ላይ ደግሞ የቴምብሩን ሳጥን ይመልከቱ። «ኤዞ» የሚለው የወረቀት ስም በአራት ሦስት ማዕዘኖች ተከቦ አራቱም ወደ ላይ ካመለከቱ ወረቀቱ ከ1904 እስከ 1918 ገደማ የተሠራ ነው። ሁለቱ ወደ ላይ፣ ሁለቱ ወደ ታች ከሆኑ ከ1918 እስከ 1930 ገደማ ይሆናል።

እዚህ ላይ ሦስት ቀኖች እንዳይምታቱ። ፎቶው የተነሣበት፣ ካርዱ የታተመበትና ካርዱ የተላከበት ቀን የተለያዩ ናቸው። አሳታሚዎች አንድን ምስል ለብዙ ዓመታት ደጋግመው ያትሙ ነበር። የፖስታ ቤቱ ማኅተም 1911 ቢል ፎቶው ከ1911 በኋላ አልተነሣም ማለት ብቻ ነው፤ 1898 ሊሆንም ይችላል። በእጅ የተጻፈ ቀንም ጥንቃቄ ይሻል። 3/6 የሚለውን አሜሪካዊ ማርች 6፣ አውሮፓዊ ጁን 3 ብሎ ነው የሚያነበው። ሩሲያ እስከ 1918 መጀመሪያ በዩልዮስ አቆጣጠር ስለነበረች በ20ኛው ክፍለ ዘመን የ13 ቀን ልዩነት አለ። የጃፓን ፎቶ ላይ «ሾዋ 10» ቢል 1935 ነው፤ የሾዋ ዘመን 1 ብሎ የጀመረው በ1926 ነውና።

3. ምስሉ ተገልብጦ እንደሆነ ያረጋግጡ

ነጋቲቭ በተሳሳተ ጎኑ ሲታተም ግራና ቀኝ ይለዋወጣል። ይህ ሳይታወቅ ከታለፈ በኋላ የሚደረገው የካርታ ፍለጋ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ፊደል ካለ በቀላሉ ይታወቃል፤ የሎኮሞቲቭ ቁጥር ብቻ ከሆነ ግን 0፣ 1 እና 8 በመስተዋት ውስጥም ያው ስለሆኑ ያታልላሉ፤ 2፣ 3፣ 4 ወይም 7 ይፈልጉ። የወንዶች ኮት የግራው ጠርዝ በቀኙ ላይ ነው የሚደረበው፤ ፎቶው ላይ ከተቃረነ ጥርጣሬ ይግባዎት። ቁጥር የሌለው የጣቢያ ሰዓት ግን አይረዳም፤ ተገልብጦም ቢሆን ትክክለኛ የሚመስል ሌላ ሰዓት ያሳያል።

4. ጥቁርና ነጭ ውስጥ ያለው ቀለም

እስከ 1920ዎቹ ድረስ በስፋት ይሠራባቸው የነበሩት የፎቶ መስተዋቶችና ፊልሞች ቀይ ብርሃን አያዩም፤ ሰማያዊን ደግሞ አብዝተው ያያሉ። ስለዚህ ደማቅ ቀይ የተቀባ ፉርጎ ጥቁር፣ ሰማያዊው ነጣ ያለ፣ ሰማዩ ደመና የሌለበት ባዶ ነጭ ሆኖ ይወጣል። «ፉርጎዎቹ ጥቁር ናቸው፤ እንግዲያው ቀዩን ቀለም ይቀባ የነበረው ኩባንያ አይደለም» የሚለው ድምዳሜ በዚህ ምክንያት ይወድቃል። ቀለምን ትተው የቀለም ክፍፍልን ይመልከቱ፦ ከመስኮት በላይና በታች ሁለት ዓይነት ነው? ቀጭን የወርቅ መስመር ይታያል?

በኮምፒውተር ቀለም የተቀባ የድሮ ፎቶ ለዚህ ሥራ ምንም አያገለግልም፤ ቀለሙ ግምት ነው። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠሩ ሐሰተኛ ፎቶዎችም በዝተዋል። መለያቸው፦ በሁለት ጎማዎች መሐል የትም የማይደርስ ዘንግ፣ መለያያ ሳይኖር የሚዋሐድ ሐዲድ፣ ፊደል መሳይ ግን የማይነበብ ሰሌዳ።

5. አገሩን ማጥበብ

ይህ ደረጃ ላይ ጊዜ ይውሰዱ፤ የፍለጋውን ሜዳ ከመላው ዓለም ወደ ጥቂት አገሮች የሚያወርደው እሱ ነው።

*የሐዲድ ስፋት።* መደበኛው 1435 ሚሊ ሜትር ነው። ህንድ 1676፣ ስፔንና ፖርቱጋል 1668፣ አየርላንድ 1600፣ የቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት 1520፤ ጃፓን፣ ደቡብ አፍሪካና ሱዳን 1067፤ የቀድሞው የጂቡቲ አዲስ አበባ መስመርና የምሥራቅ አፍሪካው የዩጋንዳ መስመር 1000፤ ኤርትራ 950። ባቡሩ ፊት ለፊት ከታየና ግራና ቀኝ ክብ የግጭት ማብረጃዎች ካሉት መለካት ይቻላል። በመደበኛው የአውሮፓ ሐዲድ በማብረጃዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከመሐል እስከ መሐል 1.75 ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱንም በፒክስል ለክተው የሐዲዱን ስፋት ለማብረጃዎቹ ርቀት ሲያካፍሉት 0.82 አካባቢ ከመጣ መደበኛ ሐዲድ ነው። ማብረጃዎቹ ከጎማዎቹ ይልቅ ወደ ካሜራው ስለሚቀርቡ ገዝፈው ይታያሉ፤ ውጤቱ ትንሽ ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው። 1435ን ከ1520 በዚህ መንገድ መለየት ግን አይቻልም፤ ልዩነቱ 6 በመቶ ብቻ ስለሆነ ከስሕተቱ አይበልጥም።

*ማያያዣ።* በመካከል አንድ ወፍራም እንደ ተጠቀለለ ጣት ያለ መያዣ ብቻ ካለና የጎን ማብረጃ ከሌለ አሜሪካዊ አሠራርን ወይም ጠባብ ሐዲድን ያስቡ። ጃፓን እዚህ ላይ ስለታም ቢላ የሆነ ቀን አላት፦ በጁላይ 1925 በጥቂት ቀናት ውስጥ የመላ አገሪቱን ባቡሮች ከሰንሰለትና ከጎን ማብረጃ ወደ አውቶማቲክ ማያያዣ አዛወረች። የጎን ማብረጃ ያለው የጃፓን ዋና መስመር ባቡር ከዚያ በፊት ነው።

*የሚሄዱበት ጎን።* ሁለት ሐዲድ ባለበት መስመር ባቡሩ በየትኛው ላይ እንደሚመጣ ይዩ። ብሪታንያ፣ ፈረንሳይ፣ ቤልጂየም፣ ጣሊያን፣ ስዊዘርላንድ፣ ስዊድን፣ ህንድና ጃፓን በግራ፤ ጀርመን፣ ኔዘርላንድስ፣ ሩሲያና አብዛኛው አሜሪካ በቀኝ ይነዳሉ። አልዛስና ሞዜል ከ1871 እስከ 1918 በጀርመን ሥር ስለነበሩ ዛሬም፣ በፈረንሳይ ውስጥ ሆነው፣ ባቡራቸው በቀኝ ነው። ባለ ሁለት ሐዲድ ጣቢያ ላይ ግን ባቡር ለጊዜው ወደ ሌላኛው ሊዛወር ስለሚችል ይህን ብቻውን አይመኑት።

*መድረኩ።* ተሳፋሪው ሳይወጣ ሳይወርድ ቀጥ ብሎ የሚገባበት፣ ከመሬት ወደ አንድ ሜትር የሚጠጋ መድረክ የብሪታንያ ምልክት ነው። በአውሮፓ ዋና ምድር ዝቅ ያለ ሆኖ ፉርጎው ደረጃ ይኖረዋል፤ በአሜሪካ ብዙ ጊዜ ከሐዲዱ ጋር የተካከለ ነው፣ ሠራተኛውም የእግር መርገጫ ሳጥን ያስቀምጣል።

*ከላይ ያለው ሽቦ።* ከአንድ ሐዲድ በላይ ጎን ለጎን ሁለት የመነካኪያ ሽቦ ካለ ሰሜን ጣሊያንን መጀመሪያ ይፈትሹ። ኤሌክትሪክን በሁለቱ ሽቦዎችና በሐዲዱ በኩል የሚያደርሰው ባለ ሦስት ፌዙ አሠራር እዚያ በ1902 በቫልቴሊና መስመር ጀምሮ በ1976 አበቃ። ሽቦው እንግዳ ስለሚመስል ብዙዎች የትራም መስመር ነው ብለው ያልፉታል።

*ጽሑፍ።* የጣቢያ ስም የተጻፈበት ፊደል ከስሙ በላይ ሊናገር ይችላል። የቱርክ ጣቢያ በዓረብኛ ፊደል ብቻ ከተጻፈ ከ1928ቱ የፊደል ለውጥ በፊት ነው። የሩሲያ ስም በተናባቢ አልቆ መጨረሻው ላይ ጠንካራው ምልክት (Ъ) ካለ ከ1918ቱ የአጻጻፍ ለውጥ በፊት ነው። የጃፓን ሰሌዳ በአግድም ከቀኝ ወደ ግራ የተጻፈ ከሆነ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በፊት የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ስም ራሱም ይለወጣል፤ ሴንት ፒተርስበርግ በ1914 ፔትሮግራድ፣ በ1924 ሌኒንግራድ ሆና በ1991 ወደ ቀድሞ ስሟ ተመልሳለች።

6. ሎኮሞቲቩን ማንበብ

በመጀመሪያ ጎማዎቹን ይቁጠሩ። በአንድ ጎን የሚታዩትን በሦስት ይክፈሏቸው፦ ከፊት ያሉ ትንንሾች፣ በዘንግ የተያያዙ ትልልቆች፣ ከኋላ ያሉ ትንንሾች። ከዚያ እያንዳንዱን በሁለት ያባዙ። 2፣ 3፣ 1 ካዩ በእንግሊዝና በአሜሪካ አጻጻፍ 4-6-2 ይባላል። ፈረንሳዮች አክስሉን ስለሚቆጥሩ ይህንኑ 231 ይሉታል። ከኋላ የተያያዘው የከሰልና የውኃ ተጎታች ጎማዎች አይቆጠሩም፤ ከጀማሪዎች ስሕተት ትልቁ ይህ ነው። ሌላው ከሲሊንደሩ ጀርባ የተደበቀ ትንሽ ጎማ ነው፤ ጥላውን አብርተው ይፈልጉት።

ቁጥሩ የሚጠቅመው ባለቤቱ የቁጥር ሥርዓቱን የቀየረበት ቀን ሲታወቅ ነው። ብሪታንያ በጃንዋሪ 1 ቀን 1923 አብዛኞቹን ኩባንያዎች ወደ አራት አጠቃለለች፤ በጃንዋሪ 1 ቀን 1948 አራቱን የመንግሥት አደረገች። ያኔ በአብዛኛው በደቡቡ ኩባንያ ቁጥሮች ላይ 30000፣ በለንደን ሚድላንድና ስኮቲሽ ላይ 40000፣ በለንደንና ሰሜን ምሥራቅ ላይ 60000 ተደመረ፤ የግሬት ዌስተርን ቁጥሮች አልተነኩም። ፈረንሳይ በ1938 ብሔራዊ የባቡር ኩባንያዋን ኤስኤንሲኤፍን ስትመሠርት ከሎኮሞቲቩ ቁጥር ፊት የክልል አኃዝ አስቀደመች፦ 1 ምሥራቅ፣ 2 ሰሜን፣ 3 ምዕራብ፣ 4 ደቡብ ምዕራብ፣ 5 ደቡብ ምሥራቅ። በምዕራብ ጀርመን ከ1968 ጀምሮ ቁጥሩ ለኮምፒውተር እንዲመች ተለወጠና ከሰረዝ በኋላ የመቆጣጠሪያ አኃዝ ተጨመረበት። በአሜሪካ የብሔራዊው የመንገደኛ ባቡር ድርጅት የአምትራክ ምልክት ካለ ከሜይ 1 ቀን 1971 ወዲህ ነው።

የታወቀውን የብሪታንያ ሎኮሞቲቭ ፍላይንግ ስኮትስማንን እንውሰድ። በ1923 ሲሠራ 1472 ነበር፤ በ1924 4472፣ በ1946 103፣ በ1948 መጨረሻ 60103 ሆነ። በ1959 መጀመሪያ ድርብ ጭስ ማውጫ ተገጠመለት፤ በ1961 መጨረሻ ከጭስ ማውጫው ግራና ቀኝ የጭስ መመለሻ ሳህኖች ተጨመሩለት። እንግዲህ 60103 የሚል፣ ድርብ ጭስ ማውጫ ያለው፣ ሳህን የሌለው ፎቶ ቢገኝ በ1959 እና በ1961 መካከል ነው። ሦስት ፍንጭ አርባ ዓመቱን ወደ ሦስት ዓመት አወረደው።

ይኸው ሎኮሞቲቭ ወጥመዱንም ያሳያል። በ1963 ከመደበኛ አገልግሎት ሲወጣ የግል ሆነና 4472 የሚለው የድሮ ቁጥሩ፣ የድሮ አረንጓዴ ቀለሙና ነጠላ ጭስ ማውጫው ተመለሰለት። ከቁጥሩ ብቻ ተነሥቶ «1930ዎቹ» ያለ ሰው በሠላሳ ዓመት ይሳሳታል። ስለዚህ ሎኮሞቲቭ በጣም ንጹሕና የተወለወለ ሲሆን፣ ዙሪያውን ካሜራ የያዘ ሕዝብ ሲከበው፣ በአገልግሎት ላይ ሳይሆን በመታሰቢያ ጉዞ ላይ እንዳይሆን ይጠርጥሩ። የተመልካቾቹ ልብስና የቆሙት መኪኖች እውነቱን ያወጡታል።

ትንንሽ ነገሮችም አሉ። በመላ ብሪታንያ ከ1950 ጀምሮ በሎኮሞቲቩ ግንባር በር ግርጌ የምትለጠፍ ሞላላ ሳህን የማደሪያውን ጋራዥ ኮድ ትናገራለች፤ 34 ኤ የለንደኑ ኪንግስ ክሮስ ነው። ይህ የመነሻውን አካባቢ እንጂ ፎቶው የተነሣበትን ቦታ አይናገርም። ከፊት ያሉ መብራቶችም ቋንቋ ነበራቸው፤ በብሪታንያ ከሁለቱም ማብረጃዎች በላይ አንዳንድ መብራት ካለ ፈጣን የመንገደኛ ባቡር ነው፣ ከጭስ ማውጫው ሥር አንድ ብቻ ካለ ተራ የመንገደኛ ባቡር። በአሜሪካ ከፊት የተሰቀለ ነጭ ባንዲራ ባቡሩ በጊዜ ሰሌዳው ላይ የሌለ ተጨማሪ መሆኑን፣ አረንጓዴ ደግሞ የዚያው ባቡር ሌላ ክፍል ከኋላ እየተከተለ መሆኑን ይገልጻል።

7. ፉርጎዎቹ፣ የተዘነጋው ሀብት

ስለ ሎኮሞቲቭ የሚጻፈው ብዙ ነው፤ ስለ ፉርጎ ግን ጥቂት። ለመንገደኛ ባቡር ፎቶ ግን ፉርጎ የተሻለ ምስክር የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ለተወሰነ አገልግሎት ተመድቦ ለዓመታት ይቆያልና።

ጣሪያውን ይጀምሩ። በየክፍሉ አናት ላይ ትንንሽ ክዳን የመሰሉ ጉብታዎች የዘይት ወይም የጋዝ መብራት ቦታዎች ናቸው። ከወለሉ ሥር ረጃጅም ክብ ጋኖች ካሉ ጋዝ ነው፤ በአክስሉ በቀበቶ የሚዞር ዳይናሞና የባትሪ ሳጥን ካለ ኤሌክትሪክ ገብቷል፣ ማለትም ከ1890ዎቹ ወዲህ ነው። በጣሪያው መሐል ከፍ ብሎ የሚሄድ ባለ ትንንሽ መስኮት ጉልላት ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በኋላ በአዳዲስ ፉርጎዎች ላይ እየቀረ ሄደ፤ የተሠሩት ግን ለአሥርተ ዓመታት አገልግለዋል። ይህ ለሁሉም ይሠራል፦ ፉርጎ «ከዚህ በፊት አይሆንም» ለማለት ጠንካራ፣ «ከዚህ በኋላ አይሆንም» ለማለት ደካማ ነው።

ጎኑ ላይ የእንጨት ክፈፎች ከታዩ የእንጨት አካል ነው፤ የተደረደሩ የሚስማር ራሶች ብረትን፣ ልሙጥ ጎን ብየዳን ያመለክታሉ። የቫጎን ሊ ኩባንያ የመኝታ ፉርጎዎች እስከ 1922 የቲክ እንጨት ነበሩ፤ በዚያ ዓመት ሰማያዊዎቹ የብረት ፉርጎዎች ገቡ። የማይከፈት ሰፊ መስኮት ያለው የአሜሪካ ፉርጎ አየር ማቀዝቀዣ ያለው ሊሆን ስለሚችል ከ1930ዎቹ ወዲህ ይፈልጉት።

በሩ ላይ ያለውን የማዕረግ ቁጥር በምንም መንገድ አይለፉት። በጁን 3 ቀን 1956 አብዛኛው ምዕራብ አውሮፓ ሦስተኛ ማዕረግን አስቀረ፤ «3» የተጻፈበት በር ስለዚህ ጥሩ ጣሪያ ነው። ቁጥሩ ባይነበብም እያንዳንዱ ክፍል የራሱ በር ባለው ፉርጎ ላይ የበሮቹን ርቀት ይለኩ፤ የአንደኛ ማዕረግ ክፍሎች ሰፋ ስለሚሉ በሮቻቸው ይራራቃሉ። በአውሮፓ ፉርጎ ላይ ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ካለ ከ1960ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከመስኮት ሥር ወይም ከጣሪያው ጠርዝ የሚሰቀለው የመድረሻ ሰሌዳ ነው። መነሻና መድረሻ፣ አንዳንዴም መካከለኛ ከተሞችን ይዘረዝራል። ፎቶው የተነሣው በዚያ መስመር ላይ አንድ ቦታ ነው ማለት ነው። ሰሌዳው በአግድሞሽ ከታየ በፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም በስፋት ብቻ ዘርጋ ያድርጉት፤ ፊደሎቹ ይከፈታሉ።

8. ትክክለኛው ቦታ

የጣቢያው ስም ግማሹ በሰው ወይም በእንፋሎት ቢሸፈን፣ የሚታየውን ፊደል በቦታው ጽፈው የጎደለውን በነጥብ ይተኩ፤ የፊደሎቹን ስፋት ለክተው ስንት እንደጎደለ ይገምቱ። የተገኘውን ከመስመሩ የጣቢያ ዝርዝር ጋር ያስተያዩ። በብሪታንያ ስም ጨርሶ የሌለበት ጣቢያ፣ የመድረኩ ጠርዝ ነጭ የተቀባ ከሆነ፣ የጦርነቱን ዘመን ያስታውሱ፤ በ1940 የወረራ ሥጋት ሲመጣ የጣቢያ ስሞች ተነሥተው ነበር፣ ነጩ ቀለምም የአየር ጥቃት ተፈርቶ መብራት ሲጠፋ ጠርዙ በጨለማ እንዲታይ ነው።

የጣቢያ ሕንፃ ላይ አይቸኩሉ። ኩባንያዎች አንዱን ንድፍ በመስመሩ ሁሉ ይደግሙ ነበር፤ ሕንፃው መስመሩን ይነግራል እንጂ ጣቢያውን አይነግርም። ጣቢያን ከጣቢያ የሚለዩት ዙሪያው ያሉት ናቸው፦ የውኃ ማማው በየትኛው ጫፍ ነው? የመሸጋገሪያ ድልድዩ ከሕንፃው ምን ያህል ይርቃል? ሐዲዱ ወዴት ይታጠፋል? የጎን ሐዲዱ ከየት ይለያል? እነዚህን በወረቀት ላይ ከላይ እንደታየ አድርገው ይንደፉና ከድሮ ካርታ ጋር ያስተያዩ። ለብሪታንያ የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የድሮዎቹን ዝርዝር ካርታዎች ከዛሬው የሳተላይት ምስል ጋር ጎን ለጎን በነፃ ያሳያል። ለአሜሪካ ከተሞች በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ያሉት የሳንቦርን የእሳት መድን ካርታዎች እያንዳንዱን ሕንፃ ከተሠራበት ነገር ጋር ያመለክታሉ። የተነቀሉ መስመሮችን ለማየት ኦፕን ሬይልዌይ ማፕ ጥሩ መነሻ ነው።

የቅስት ድልድይ ከሆነ ቅስቶቹን ይቁጠሩ። የእንግሊዙ ሪብልሄድ 24፣ የስኮትላንዱ ግሌንፊናን 21፣ የስዊዘርላንዱ ላንድቫሰር 6 አላቸው። ሁሉም ካልታዩ የምሰሶዎቹን ቁመት ከስፋታቸው ጋር ያነጻጽሩ።

ተራራ ወይም ከተማ ከጀርባ ካለ ካሜራው የቆመበትን ነጥብ ራሱን ማግኘት ይቻላል፦

1. ፎቶው ላይ አንዱ ከሌላው ፊት በትክክል የተሰለፉ ሁለት የማይንቀሳቀሱ ነገሮችን ይፈልጉ፤ ለምሳሌ የፋብሪካ ጭስ ማውጫና ከጀርባው ያለ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት።
2. በካርታው ላይ በሁለቱ መሐል መስመር ያስምሩና ከቅርቡ ነገር አልፎ ወደ ካሜራው በኩል ያራዝሙት። ካሜራው በዚህ መስመር ላይ ነው።
3. ከመጀመሪያው በአቅጣጫ የሚርቅ ሁለተኛ ጥንድ ፈልገው ይድገሙት። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ካሜራው ነው።
4. ጎግል ኧርዝ ላይ በዚያ ነጥብ ወደ ሰው ቁመት ወርደው አድማሱን ከፎቶው ጋር ያስተያዩ።

ሁለቱ ጥንዶች በጣም ከተቀራረቡ መስመሮቹ በጠባብ ማዕዘን ስለሚቆራረጡ ስሕተቱ ይሰፋል። የቅርብ ሸንተረር ከሩቁ ጋር በትክክል ካልገጠመ ቦታው ቀርቧል እንጂ አልተገኘም።

9. ጥላና ሰዓት

ቁመቱ የሚገመት ምሰሶና ሙሉ ጥላው ከታዩ የፀሐይን ከፍታ ማስላት ይቻላል፤ ጥላው ከቁመቱ እኩል ከሆነ 45 ዲግሪ ነው። የእኩለ ቀን ከፍታ በሰሜን ንፍቀ ክበብ ከካንሰር መስመር በላይ 90 ሲቀነስ የቦታው ኬክሮስ ሲደመር የዕለቱ የፀሐይ ዝንባሌ ነው። በ50 ዲግሪ ኬክሮስ በበጋ ጫፍ 63.5፣ ቀንና ሌሊት እኩል ሲሆኑ 40፣ በክረምት ጫፍ 16.5 ይመጣል። ስለዚህ እዚያ የ45 ዲግሪ ጥላ ከኤፕሪል መጀመሪያ እስከ ሴፕቴምበር 10 ገደማ ካልሆነ አይታይም። ሐሩር ክልል ውስጥ ፀሐይ አንዳንዴ በሰሜን፣ አንዳንዴ በደቡብ ስለምታልፍ ይህ አይሠራም።

ካርታው ላይ የሐዲዱ አቅጣጫ ከታወቀ ጥላው ጠዋትን ከከሰዓት ይለያል። የጣቢያው ሰዓት ከታየ ደግሞ ይደመራሉ፤ ሆኖም ጀርመንና ብሪታንያ በ1916 በበጋ ሰዓት ማስቀደም ስለጀመሩ (ጀርመን ለብዙ ዓመታት አቋርጣው ነበር) አንድ ሰዓት ሊዛነፍ እንደሚችል ያስቡ። ሰዓቱና አቅጣጫው ከታወቁ የዚያን ዘመን የጊዜ ሰሌዳ ይክፈቱ፤ በብሪታንያ ከ1839 እስከ 1961 የታተመው ብራድሾው፣ ለአውሮፓ ከ1873 የጀመረው የቶማስ ኩክ ሰሌዳ። ብዙ ጊዜ በዚያ ደቂቃ አካባቢ በዚያ አቅጣጫ የሚያልፈው አንድ ባቡር ብቻ ነው። የዘገየ ባቡር ግን ሁልጊዜም አለና ከመድረሻ ሰሌዳው ጋር ካልተስማማ አያስገድዱት።

10. ከማጽደቅ በፊት

የተገኘውን መልስ ለማፍረስ ይሞክሩ። ከእርሱ ጋር የማይስማማ አንድ ነገር ፎቶው ላይ አለ? ሐዲዱ ከላይ ሽቦ ካለው መስመሩ ኤሌክትሪክ የገባበት ዓመት ተጣርቷል? የፖስትካርድ አሳታሚዎች ባዶ ጣቢያ ላይ ባቡር ይስሉ፣ ጭስ በብሩሽ ይጨምሩ ነበር፤ የባቡሩ ጥላ ከሕንፃው ጥላ ጋር በአንድ አቅጣጫ ነው? ጎማዎቹ ሐዲዱን ነክተዋል? ፋብሪካዎች አዲስ ሎኮሞቲቭን ግራጫ ቀብተው በፎቶው ላይ ከኋላው የሚታየውን ሁሉ ነጭ አድርገው ስለሚያነሡ እንዲህ ባለ ፎቶ ላይ ያለ ቀለም ለአገልግሎት ዘመኑ ማስረጃ አይሆንም።

ከሌላ ሰው የተገኘ መግለጫም እንደ ጥቆማ እንጂ እንደ ማስረጃ አይቆጠር። አንድ የተሳሳተ መግለጫ በብዙ ቦታ ተገልብጦ ሲገኝ ብዙ ምስክር ይመስላል፤ ምንጩ ግን አንድ ነው።

መዝገቡ ላይ ለእያንዳንዱ ድምዳሜ ምክንያቱን ከጎኑ ይጻፉ፤ የእርግጠኝነቱንም መጠን «የተረጋገጠ»፣ «የሚመስል»፣ «የሚቻል» በሚሉ ሦስት ቃላት ይለዩ። ፎቶው ጀርባ ላይ መጻፍ ግድ ከሆነ ለስላሳ እርሳስ ብቻ፣ ያውም ከምስሉ ውጪ ባለው ጠርዝ ላይ ይሁን፤ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ፊት ይሰርጋል። መዝገቡ ይህን ሊመስል ይችላል፦

ሎኮሞቲቭ፦ 60103 (የተረጋገጠ፤ ቁጥሩ ይነበባል)።
ዘመን፦ ከ1959 መጀመሪያ እስከ 1961 መጨረሻ (የተረጋገጠ፤ ድርብ ጭስ ማውጫ አለ፣ የጭስ መመለሻ ሳህን የለም)።
ወቅት፦ በጋ (የሚመስል፤ ጥላው አጭር ነው፣ መስኮቶቹ ተከፍተዋል)።
አገልግሎት፦ ፈጣን የመንገደኛ ባቡር (የተረጋገጠ፤ ከሁለቱም ማብረጃዎች በላይ መብራት አለ)።
ቦታ፦ ከለንደን ወደ ሰሜን የሚሄደው የምሥራቅ ጠረፍ ዋና መስመር (የሚቻል፤ የጋራዥ ሳህኑ 34 ኤ ነው፣ ከጀርባ ያለው ድልድይ ገና አልተለየም)።